ማንም ያልፈጸመው ወንጀል

መስከረም 19

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። «ብዕርሽ ከአፍሽ ይሻላል» ትይኝ ስለነበር ይህን አራተኛውን አልቀድም። ስለ መዘግየቴ ይቅር በይኝ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ስል ምን ያህል ደህና እንደሆንን አንቺ ገምቺው።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። ምሰሶን ማንም አልያዘውም፤ ራሱ ሄዶ ነው እጁን የሰጠው። ያን ዕለት ፒክአፑ ሲሚንቶ አድርሶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። አባባና ምሰሶ በፈረቃ ስለሚነዱት ማን ይዞት እንደወጣ ልብ አላልኩም። በማግስቱ ጠዋት ወንድማችን ምሰሶ የመኪናውን የፊት መብራት ሲያጥብ አየሁት። አንዴ አጠበና ቆመ፣ ደግሞ አጠበ። ከአባባ ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ጣቢያ ገብቶ፣ በገበያው መታጠፊያ ብስክሌት ጠጋኙን የገጨሁት እኔ ነኝ፣ መውደቁን አይቼ ነው የሸሸሁት ብሎ ቃሉን ሰጠ። ፖሊሶች መኪናውን ከግቢያችን ጎትተው ወሰዱት። ብስክሌት ጠጋኙ በስምንተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ሚስቱን ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

«እውነት እሷ ናት?» ላልሽው፣ አዎ፣ እሳቸው ናቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ ሕግ የሚያስረዱት ጠበቃ። አፍ አውጥቼ መለመን ስለማልችል በሬዲዮው አድራሻ ጻፍኩላቸው። በሳምንቱ መልስ መጣ። «ማክሰኞ ነይ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ቢሯቸው ከጫማ መደብር በላይ ነው፤ ደረጃው አዲስ ቆዳ ይሸታል። በሩ የማይገጥም አንድ ቁም ሣጥን አለ፤ መዝገቦቹ እንዳይወድቁ በገመድ ታስሯል። እንዲህ ያለ ስመ ጥር ሰው ገመድ ይጠቀማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጸሐፊያቸው ጣቴን ስቆጥር አይታ መሰለኝ መቀስ ሰጠችኝ፤ አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉትን የሕግ አስተያየት እየቆረጥኩ እለጥፋለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አይከብድም። ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያወራ ነው የሚጽፉት።

ባለፈው ሳምንት ችሎት ይዘውኝ ሄዱ። የእኛ አልነበረም፤ መጋዘን አቃጥለሃል ተብሎ የተከሰሰ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ነው። ምስክሩ በመስኮት አሻግሬ ክብሪት ሲጭር አየሁት አለ። ጠበቃዋ ተነሡና መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው። መስታወቱ ንጹሕ ነበር ወይ አሉት፤ ንጹሕ ነበር አለ። ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ ለዳኛው አቀበሉ። መስኮቱ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ በቆርቆሮ ተመትቷል። እትዬ፣ ሁሉም ሰው አሁን ይጮኻሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ዝምታ የፈሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈስሳል። ዓይኑን ያመው እንደሆነ ብጠይቀው «ከንስር ጋር አወዳድሪኝ» ብሎ ሳቀብኝ። አንቺ ዓይን ክሊኒክ ስለምትሠሪ ታውቂ ይሆናል ብዬ ነው።

ሚጢ


መስከረም 30

ሚጢዬ፣

አሥራ አንድ ቀን! ደብዳቤ ነው ስትጽፊ የከረምሽው ወይስ ሹራብ ስትሠሪ? ለማንኛውም ደርሶኛል፤ ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ አልቅሻለሁ፤ አሁን ደህና ነኝ።

ልመጣ አልቻልኩም። ለምን ብለሽ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ፤ ክሊኒኩ ውስጥ የቀረነው ሁለት ረዳቶች ብቻ ነን። ለምሰሶ ካልሲ ልኬያለሁ። እግሩ ከሁሉም ብርድ ልብስ እንደሚተርፍ አውቃለሁ።

ጠበቃዋን ስታናግሪ ቀና በይ። የጫማ ምርመራ አይደለም የሄድሽው። የሚጠይቁሽን ብቻ መልሺ፤ ያልጠየቁሽን አትጨምሪ።

ስለ አባባ፣ ሸምግሏል እኮ። ሽማግሌ ውሃ ያፈስሳል። ይህን ለጠበቃዋ የምታነሺበት ምክንያት አይታየኝም። ይልቅ ምሳውን በሰዓቱ ይብላ።

እህትሽ


ጥቅምት 11

እትዬ፣

ካልሲው ደርሶታል፤ «ከእትዬ እንደሆነ በመጠኑ አወቅሁት» ብሏል። ሌላውን ሁሉ ትቼ የሆነውን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ሆዴ ይፈነዳል።

ረቡዕ ዕለት ጠበቃዋ የወንድምሽን ዕቃ ከመኪናው ለማውጣት የቤተሰብ ሰው ያስፈልገኛል ብለው ፖሊስ ግቢ ይዘውኝ ሄዱ። ፒክአፑ ከተሰባበሩ መኪኖች መሐል ቆሟል። በሩን ከፈቱና ዕቃውን ትተው ወንበሩን ማየት ጀመሩ። ከቦርሳቸው የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡ። ከወንበሩ ጀርባ እስከ ፍሬኑ ለኩ፤ ጻፉ። እንደገና ለኩ። ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የሚለኩት አለኝ የግቢው ፖሊስ፤ ለመጋዘኑም መስኮት እንዲሁ አድርገው እንደነበር ሰምቷል።

ከዚያ እኔን ግቢና ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ። እግሬ ፍሬኑ ላይ በትክክል አረፈ፤ እጄም መሪው ላይ። ለእኔ የተሠራ ይመስል ነበር።

«ወንድምሽ ምን ያህል ይረዝማል?» አሉኝ።

በር ሲገባ ጎንበስ ይላል አልኳቸው። ሰፈሩ ሁሉ ምሰሶ የሚለው ለዚህ ነው አልኳቸው። እሱ እዚህ ቢቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ይመታዋል። ይህን ሁሉ የተናገርኩት ሳላስብ ነው፤ ከተናገርኩ በኋላ ነው የሰማሁት። በቤታችን ከእኔ ጋር የሚተካከል አንድ ሰው ብቻ እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ።

ጠበቃዋ ሌላ አልጠየቁኝም። ፊቴን አይተው ደብተራቸውን ከደኑት። «ነይ ውረጂ፣ ወንበሩ ይቆረቁራል» ብቻ አሉኝ። አስቢው እትዬ። ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ፎቶ አንሺው፣ ሁሉም ያን ወንበር አይተውታል። ያየችው ግን አንዲት ሴት ናት፣ በልብስ ሰፊ ሜትር።

በማግስቱ ወኅኒ ቤት ሄደው ከምሰሶ ጋር ረጅም ሰዓት ቆዩ። ማክሰኞ ስጠብቃቸው ቁጭ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ወንድምሽ የነገረኝን ለማንም አልናገርም፤ ላንቺም። የለካሁትንም እሱ ካልፈቀደ ችሎት ላይ አላወጣውም። እኔ የእሱ ጠበቃ ነኝ።» ታዲያ እስከ አሥር ዓመት ሊፈረድበት ነው ወይ አልኩ። አዎ፣ ሊሆን ይችላል አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን የመቀሱን እጀታ ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር።

ኅዳር 22 ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ ሊል ነው። አባባ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውላል። እሱን ቀርቤ ለመጠየቅ ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ላድርግ? አንቺ ታላቄ ነሽ።

ሚጢ


ጥቅምት 20

ሚጢ፣

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ ማንም እንዳይጠይቀኝ ስጸልይ ነበር። ምንም አታድርጊ። አባባ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እዚያ ቢገባ አንድ ክረምት አይሻገርም። ምሰሶ ጎረምሳ ነው፤ አስቦበት፣ መርጦ፣ በእግሩ የገባ ነው። ጠበቃዋ እንኳ ሕግ ተምራ ዝም ካለች አንቺ ከማን በልጠሽ ነው? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?

ተቆጥቼሽ አይደለም። በሽተኛ እየጠበቀኝ ስለምጽፍ ነው ፊደሉ የከፋው። ስለ አባባ ዓይንም ደግመሽ አትጠይቂኝ።

እህትሽ


ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አላቃጠልኩትም፤ ይቅርታ። ምክርሽንም አልሰማሁም፤ ለዚህ ግን ይቅርታ ልጠይቅሽ አልቻልኩም።

አሳብ ሲበዛብኝ ከከረምኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዳችን አባባና እኔ ሬዲዮ ከፈትን። እሱ ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አዘንብሎ ይሰማቸዋል፤ የልጁ ጠበቃ ናቸውና። አዘጋጁ ገና ከመጀመሩ ነካካቸው። «የእርስዎ ደንበኛ አምኗል፤ ያመነ ሰው ምን ጠበቃ ያስፈልገዋል?» አላቸው። ዝም አሉ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ እንዴት እንደሚረዝም ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አባባ የተበላሸ መስሎት እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ከዚያ «ፍርድ ቤት ያልጨረሰውን እኔ በማይክሮፎን አልጨርሰውም። የሕግ ጥያቄ ያለው ሰው ካለ ግን ይደውል» አሉ።

ምን እንዳነሣኝ አላውቅም። ነጠላ ጫማዬን እንኳ አዛንቄ ነው የወጣሁት። ባለሱቁ ስልኩን ስለምነው ለማን ልትደውዪ ነው አለኝ። ለሬዲዮ ስለው፣ «አንቺ? እኔ እኮ ሳሙና እንኳ በጣትሽ እያሳየሽ ነው የምሸጥልሽ» ብሎ ሳቀ። ግን የራሱን ሬዲዮ ዝቅ አደረገልኝ።

መስመሩ ገባ። አዘጋጁ «ጠያቂያችን፣ ይቀጥሉ» አለ። እኔ አልቀጠልኩም። እንደገና አለ። ዝም። መስመሩ ተቋርጧል መሰለኝ፣ ወደ ሌላ እንለፍ ሲል እሳቸው ገቡ።

«አልተቋረጠም፤ ትንፋሽ ይሰማኛል። እንጠብቅ።»

እትዬ፣ ጠበቁኝ። አገር ሁሉ እየሰማ ጠበቁኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው የለም።

«አንድ ሰው» አልኩ፣ «ሰው ገጭቶ፣ ግን ዓይኑ ስለደከመ ሳያየው ቢሄድ፣ ሸሸ ይባላል?»

ድምፄን ያወቁት ያኔ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ አጠገባቸው የምቀመጥ ሰው ነኝ። ግን በስሜም በጉዳዬም አልጠሩኝም። ለማንም እንግዳ እንደሚመልሱት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መለሱልኝ።

«ያላወቀ ሰው አይሸሽም። ሕግ የሚጠይቀው መሄዱን ብቻ አይደለም፤ ማወቁንም ነው። ነገር ግን ዓይኑ መድከሙን እያወቀ መሪ ከያዘ፣ ለዚያ ይጠየቃል። በዚህ አላባብልሽም።»

«ሌላ ሰው ደግሞ፣ አይቼ የሸሸሁት እኔ ነኝ ብሎ ቢገባለትስ?»

«እንግዲያው ያ ሰው፣ ማንም ያልፈጸመውን ወንጀል ተሸክሟል» አሉ።

ስልኩን ዘጋሁ። ባለሱቁ አንድም ቀልድ አልተናገረም፤ ስከፍል ሳንቲሙን በእጁ መለሰልኝ። ወደ ቤት ስመለስ ያ ሁሉ መንገድ በእግሬ መሄዴን አላስታውስም። ሳስበው የነበረው አንድ ነገር ነው፦ ምሰሶ ለአባባ ብሎ የተሸከመው ሸክም አባባ ላይ አልነበረም። የትም አልነበረም። ከምንም ፈጥሮ ነው የተሸከመው። ይህን የሚያውቁት ጠበቃዋ ስንት ሳምንት ይዘውት ኖሩ? ጋዜጣ ላይ ሲጽፉ፣ ሌላ ሰው ሲያስፈቱ፣ ከእኔ ጋር ሻይ ሲጠጡ፣ ይህን ያህል ነገር በአንድ ደረት ይዘው፣ ባለቤቱ ስላልፈቀደ ብቻ።

አባባ ሬዲዮውን ዘግቶታል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጠው።

«ድምፅሽ በሬዲዮ ሲሰማ ይወፍራል» አለኝ።

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ምሰሶ ያን ጠዋት በእናታችን መቃብር እንዳስማለው፣ ብትናገር ሽማግሌው ተቃዥቷል ብዬ እክድሃለሁ እንዳለው አባባ ነገረኝ። ራሱ መታጠፊያው ጋ አንድ ነገር መንኳኳቱን ሰምቶ ከኋላ የነበረ ሲሚንቶ የወደቀ መስሎት ነበር። ሲያወራ ወደ እኔ አይደለም የሚያየው፤ እኔ ካለሁበት በስተግራ ወዳለው በር ነበር። ከዚያ ተነሣ።

«ልጄ፣ እኔ አላይም» አለ። «ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጣቢያው ድረስ ምሪኝ።»

ሠላሳ አምስት ዓመት መሪ የያዘ ሰው እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። አሁን ጣቢያው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። እሱ ውስጥ ነው።

ሚጢ


ኅዳር 9

ሚጢዬ፣

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ በፊት ሰምቼሻለሁ። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ሬዲዮ አለን። የአንዲት አሮጊት ዐይን ላይ ጠብታ ልጨምር ጭንቅላታቸውን ይዤ ነበር። «አንድ ሰው» ስትዪ ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ። «ምነው ልጄ፣ ዓይኔን አጣሽው?» አሉኝ።

ከእንግዲህ ልሸሽሽ አልችልም። ከሦስት ዓመት በፊት አባባ መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ ዓይኑ እንደማያልፍ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ የእናንተው ከተማ ክሊኒክ ነበር የምሠራው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ ታውቂዋለሽ፤ ሹካ የመሰሉ ምልክቶች አሉት፣ ወዴት እንደዞሩ በእጅሽ ታሳያለሽ። እየተደበቅሁ በወረቀት ገለበጥኩትና መስመር በመስመር አስጠናሁት። ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ። አንድም ሳይስት አለፈ። ሐኪሙ «የወጣት ዓይን ነው» ብሎ ፈረመ፤ እኛም ደጅ ወጥተን እንደ ሕፃን ተሳሳቅን። መኪናውን ቢነጥቁት በቁሙ ይሞታል ብዬ ነበር ያሰብኩት። በሌላ ሰው ላይ ሞት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

በወሩ ዝውውር ጠይቄ ወደዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው። ያን ሰሌዳ በየቀኑ ማየት ስላቃተኝ። እዚህም ሰሌዳው ያው መሆኑን ረስቼ።

ዝም አይነቅዝም ብዬሽ ነበር። ይነቅዛል ሚጢዬ። ምን እንደምታስቢብኝ ንገሪኝ። ቃሉን ሲሰጥ ስለ እኔ ተናገረ?

እህትሽ


ኅዳር 17

እትዬ፣

በመጨረሻ ለጠየቅሽው መልሱ አይ ነው። አልተናገረም።

መርማሪው፣ በዚህ ዓይንህ ፈተናውን እንዴት አለፍክ ብሎ ጠየቀው። ሰሌዳውን በቃሌ አጥንቼ አለ። ማን አስጠናህ ሲለው «ራሴ» አለ። መርማሪው እስክርቢቶውን አስቀመጠና፣ የማታየውን ሰሌዳ ራስህ እንዴት አጠናኸው አለው። አባባ ራሱን ቀና አድርጎ ደግሞ «ራሴ» አለ። ወደ ግድግዳው ነበር የሚያየው።

ጠበቃዋ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «በእናንተ ቤት ጥፋት ባለቤት አያጣም፤ ችግሩ ባለቤቱ ሁልጊዜ ሌላ ሰው መሆኑ ነው» አሉ። ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም። ለአባባ ይቁሙለት ብዬ ስለምናቸውም እምቢ አሉ። እኔ የወንድምሽ ጠበቃ ነኝ፣ ለሁለቱ መቆም አልችልም ብለው የሌላ ጠበቃ አድራሻ በእጃቸው ጻፉልኝ፤ ደረጃውን ወርደው መንገዱን አሳዩኝ። ቅዳሜ ስለደወለችው ልጅ አንድ ቀን ባነሣባቸው፣ «እኔ አላውቃትም፤ ጎበዝ ልጅ ነበረች» አሉ።

ምሰሶ ከሦስት ቀን በፊት በዋስ ወጥቷል። የሐሰት ቃል በመስጠቱ ይጠየቃል፤ ያ ግን አሥር ዓመት አይደለም። ለሁለት ቀን አላናገረኝም። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ጭንቅላቴን በመዳፉ ተጫነኝ፤ ያው እንደ ድሮው፣ እንዳጥር። አባባ ቀጠሮ ተሰጥቶት እቤት ነው። በቀደም ጠዋት ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ሚስት ቤት መራሁት። ውስጥ የተባለውን አልጽፍልሽም፤ የእሷና የእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን መንገድ አልቀይርም።

ምን አስብብሽ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ያኔ ልጅ ሆኜ አባባ ፂሙን ሲላጭ «ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች» ሲል እሰማው ነበር። የሲሚንቶ ማድረሻ መንገዱን የሚያጠና መስሎኝ እኔም አብሬ እለው ነበር። እኔም አስጠንቼዋለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ምንም አላስብብሽም፤ ወይም በራሴም ላይ የማስበውን ያህል ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። እንድትናገሪም፣ ዝም እንድትዪም አልለምንሽም፤ የጠበቃዋን ያህል ባልሆንም ይህን ከእሳቸው ተምሬአለሁ። የአባባ ቀጠሮ ኅዳር 29 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ዳኛው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ እሱም ያንኑ ይመልሳል፤ እስኪፈረድበት ድረስ ይመልሳል።

መልስ አትጻፊልኝ። ነይ።

ሚጢ